ሪላችሁ በረዶ ላይ እንቢ ሲላችሁ

ሚኒሶታ መጥታችሁ ዊንተሩን ቤት ታፍኖ ከመዋል ብላችሁ በረዶ ላይ አሳ ማጥመድ ለጀመራችሁ ልጆች ነው ይሄን የምጽፈው። የምትጠይቁኝ ነገር ሁሌ አንድ ነው፣ ሪሉ (ዘንጉ ላይ ክሩን የሚጠቀልለው ባለ እጀታ እቃ) ቤት ውስጥ ልስልስ ብሎ ይዞር ነበር ሀይቁ ላይ ስደርስ ግን ድርቅ አለብኝ። እጀታው ይከብዳል፣ ወይ ደግሞ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ ክሩ እንደ ሽቦ ይሆናል፣ አሳው ሲጎትት ክር መልቀቅ ያለበት ድራጉ አይለቅም፣ ክሩ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ብዙ ሰው ሪሉ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል፣ ለምን ቢባል ሪሉ ጤነኛ ነው፣ ውስጡ የተቀባው ቅባት ነው ለሞቃት ቀን የተሰራው።

እኔ የመጀመሪያ ዊንተሬ ላይ ከሚኒያፖሊስ ተነስተን ሚል ላክስ ሀይቅ ሄደን ጠዋት ብርዱ ከዜሮ ፋራናይት በታች ነበር (ዜሮ ፋራናይት ማለት በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 ነው)። ከዚያ በፊት የነበረው ቀን ማታ ሪሉን ፈትቼ ግሪስ ሞልቼበት ነበር፣ ሲበዛ የሚጠቅም መስሎኝ። ዎልአይ የሚባል ትልቅ አሳ ያዘ፣ አንዴ ጭንቅላቱን ወዘወዘ፣ ድራጉ ንቅንቅ አላለም፣ ክሩ ሄደ። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩን ከስሩ ለማወቅ የተነሳሁት።

በቃ ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ወይ ግሪሱ ወፍሯል ወይ ውሃ ገብቶ በረዶ ሰርቷል። ኡበርም ትራክም የምትነዱ ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባችኋል፣ እዚህ አገር ሞተር ውስጥ 0 ደብሊው 20 የሚባለውን ቀጭን ዘይት የምናደርገው ወፍራሙ ጥር ላይ ጠዋት ሲነሳ ስለማይፈስ ነው አይደል፣ ሪልም ያው ነው፣ ትንሽ ማርሽ ሳጥን ነው። ልዩነቱ ሪል እንደ ሞተር ሲሰራ እየሞቀ አይሄድም፣ ቀኑን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ነው የሚውለው።

ስለዚ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ። አለያየቱ ቀላል ነው። ሪሉን በደንብ አድርቁትና በፌስታል ጠቅልላችሁ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ ከእንጀራውና ከበርበሬው አጠገብ፣ የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ዜሮ ፋራናይት አካባቢ ነው ስለዚ ልክ እንደ ሀይቁ ነው። ጠዋት አውጥታችሁ ወዲያው አዙሩት። ደርቆም ከከበደ ጥፋቱ የግሪሱ ነው፣ መፈታት አለበት። ፍሪዘር ውስጥ ደህና ሆኖ ሀይቅ ላይ ብቻ የሚቆልፍ ከሆነ ግን ውሃ ነው፣ ያ ደግሞ በአያያዝ ነው የሚስተካከለው እንጂ በካቻቢቴ አይደለም። ይሄን ሳይለዩ ጤነኛ ሪል ፈትተው አንዷን ትንሽ ሞላ ምንጣፍ ላይ የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ግሪሱ ከሆነ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የወጣውን እቃ በወጣበት ቅደም ተከተል ደርድሩት፣ ስትገጥሙ ከኋላ ወደ ፊት ትመለሳላችሁ። ከማርሾቹ ላይ አሮጌውን ግሪስ በጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡት፣ የቀረውን የላይተር መሙያ በሚባለው ፈሳሽ እጠቡት። ይሄ ፈሳሽ በጣም ተቀጣጣይ ነው፣ ምድጃ አጠገብ በጭራሽ፣ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍታችሁ ስሩ። የመኪና ፍሬን ማጽጃ አትጠቀሙ ምክንያቱም ፕላስቲኩን ሊያበላሸው ይችላል። ሲደርቅ ለማርሹ ለብርድ የሚሆን ቀጭን ሲንተቲክ ግሪስ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ጥርሱ ላይ ስስ ሆኖ ይዳረስ፣ ለኩሽኔታዎቹ ደግሞ ግሪስ ሳይሆን የሪል ዘይት አንድ አንድ ጠብታ። ሁለተኛ ጠብታ ካማራችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ደብሊውዲ 40 ቤት ስላለ እሱን ነፍተው የሚተዉ አሉ፣ እሱ ውሃና ቆሻሻ ለማስወጣት ይጠቅማል እንጂ እንደ ቅባት ብዙ አይቆይም፣ ከተጠቀማችሁም ጠርጋችሁ ዘይቱን አድርጉ።

እጀታው ወደ ኋላ የሚሽከረከርባችሁ ከሆነ ደግሞ ቦታው ሌላ ነው። ሪል ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ አለ፣ ውስጡ ትናንሽ ሲሊንደሮች በትናንሽ ሞላ ተገፍተው የሪሉን የውስጥ ዘንግ ቀጥ አድርገው ይይዙታል። እዚያ ግሪስ ከገባ ብርድ ላይ ሲወፍር ሞላዎቹ ሲሊንደሮቹን መግፋት ያቅታቸዋል፣ ስለዚ መንጠቆውን ልታስገቡ የማጥመጃ ዘንጉን ላፍ ስታደርጉት እጀታው ይለቃችሁና አሳው ይሄዳል። ይሄን ኩሽኔታ አጥባችሁ ደረቅ ማለት ይቻላል አድርጋችሁ መልሱት፣ በመርፌ ጫፍ የነካ ዘይት ይበቃዋል፣ ግሪስ ግን በፍጹም። ሀይቅ ላይ እያላችሁ ካጋጠማችሁ ሪሉን ጃኬታችሁ ውስጥ፣ ከሹራቡ በላይ፣ ከእጅ ማሞቂያዋ ከረጢት ጋር አስር ደቂቃ ያዙት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በትንፋሻችሁ እፍ ብላችሁ አታሙቁት፣ ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ራሱ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ላይተር ደግሞ ጨርሶ አታስጠጉ፣ ክሩም ዘንጉም እሳት አይወዱም።

ድራጉ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ትልቅ አሳ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ድራግ ማለት ስፑሉ ውስጥ፣ ማለት ክሩ የሚጠቀለልበት ክብ እቃ ውስጥ፣ የተደራረቡ ሮንዴላዎች ናቸው፣ ጠብቀው ይነካካሉ፣ አሳው ሲጎትት እየተንሸራተቱ ክር ይለቃሉ። በብዙ ርካሽ ሪሎች ላይ እነዚህ ከፌልት፣ ማለት ከተጠቀጠቀ ሱፍ፣ የተሰሩ ናቸው፣ ሱፍ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ጠጥቶ ሲቀዘቅዝ ሮንዴላዎቹ ይጣበቃሉ፣ አንዴ ከተላቀቁ በኋላ ደህና ይሰራሉ፣ ችግሩ ያቺ የመጀመሪያዋ ጉተታ ናት ክሩን የምትበጥሰው። መላው ሶስት ነገር ነው። አንደኛ ድራጉን ቤት ውስጥ አታስተካክሉ፣ ሀይቁ ላይ ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ አስተካክሉት። ሁለተኛ በየአስር በየአስራ አምስት ደቂቃው ክሩን በእጃችሁ አንድ ክንድ ያህል ጎትታችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉ፣ ይሄ ሮንዴላው እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ እኔ አሁን ሳላስበው እጄ ራሱ ያደርገዋል። ሶስተኛ አቅም ካለ ሮንዴላዎቹን በካርቦን ቀይሩ፣ ካርቦን እንደ ሱፍ ውሃ አይይዝም።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃ ሪሉ ላይ የሚደርሰው በክሩ በኩል ነው፣ ክሩ ከጉድጓዱ ውሃ ይዞ ይወጣና በሮለሩ፣ ክሩ በሚያልፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ፣ አድርጎ ስፑሉ ላይ ይጠቀለላል። የተጠለፈው ክር፣ ብሬድ የሚሉት፣ በቃጫዎቹ መሀል ውሃ ስለሚይዝ ውጪ ለሚያጠምድ ሰው አልመክረውም፣ ማሞቂያ ያለው ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠ ግን በጣም ጥሩ ነው። ውጪ ከሆናችሁ ሞኖ ወይ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ያልተጠለፈ ክር ይሻላል፣ ክራፒና ፐርች ለሚባሉት አሳዎች 3 ወይ 4 ፓውንድ የሚችለው። እነሱ ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው፣ ብርድ ላይ የስፑሉን ቅርጽ ይዘው እንደ ሞላ ይጠመዘዛሉ፣ አሳው ሲነካ አይሰማችሁም። ክሩን ከመጣላችሁ በፊት ጥቂት ሜትር አውጥታችሁ በሁለት እጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቀጥ ይላል።

ጉድጓዱ ላይ የሚንሳፈፈውን የበረዶ ፍርፋሪ በጭልፋው ቶሎ ቶሎ አውጡ፣ ክሩ በዚያ ፍርፋሪ መሀል ካለፈ ይዞት ነው የሚወጣው። ዘንጉ ላይ ያሉት ቀለበቶች በረዶ ሲሰሩ ደግሞ በጥፍር አትፈልፍሏቸው፣ ውስጣቸው ያለው ስስ ሴራሚክ ይወልቃል። የዘንጉን ጫፍ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ንከሩት። ይሄን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም፣ ውሃ ላይ ውሃ? ግን አስቡት፣ አየሩ ከዜሮ ፋራናይት በታች ሲሆን ከበረዶው ስር ያለው ውሃ ግን ከ32 ፋራናይት አይወርድም፣ ለቀዘቀዘው ዘንግ ሙቅ ነው ማለት ነው፣ ትንሽ ቆይቶ በረዶው ይለቃል። ሲወጣ አራግፉት። ጫፉን ብቻ፣ ሪሉን ግን ውሃ እንዳይነካው። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ቀለበቶቹን በስሱ ቫዝሊን ወይ የከንፈር ቅባት ብትቀቧቸው ደግሞ በረዶው ቶሎ አይይዝም።

ቤይሉ፣ ያ ክሩን የሚይዘው የሽቦ ቅስት፣ እጀታውን ስታዞሩ ካልዘጋ አታስገድዱት፣ በእጃችሁ ዝጉት፣ እንዲያውም ሁሌ በእጅ መዝጋት ልመዱ። ቅስቱ ጫፍ ላይ ያለችው ሮለር መዞሯን አልፎ አልፎ በጣት ነክታችሁ እዩ፣ ቆማ ከሆነ ክሩ እየተፈገፈገባት ነው። 99 ፐርሰንት አልኮል በትንሽ ጠርሙስ ኪስ ውስጥ ያዙ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ሮለሯ ላይ ስታደርጉ በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ውሃውንም ይዞ ይተናል። ፋርማሲ ያለው 70 ፐርሰንቱ ውሃ ስላለበት እንደዚያኛው አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ደግሞ ሙቅና ቀዝቃዛ ማፈራረቅ ነው። ድንኳን ውስጥ ማሞቂያ አብርታችሁ ሪሉ ላይ ያለው በረዶ ይቀልጣል፣ ከዚያ ጉድጓድ ልቀይር ብላችሁ ስትወጡ የቀለጠው ውሃ ውስጡ ገብቶ ይቆልፋል። ስለዚ ወስኑ፣ ውጪ የዋለ ሪል ውጪ ይዋል፣ ድንኳን ውስጥ ያለ እዚያው ይዋል፣ በሁለቱም የምታጠምዱ ከሆነ ሁለት ዘንግ ያዙ፣ እዚህ በዊንተር በረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ክር ይፈቀዳል። ድንኳን ውስጥ ፕሮፔን ማሞቂያ ካለ አየር ማስገቢያውን ክፍት አድርጉ፣ እቤት ከሰል አፍኖ ስለገደላቸው ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል፣ ይሄም ያው ነው። በረዶው ራሱ ደግሞ በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች ጥርት ያለ በረዶ መሆን አለበት፣ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤት የሚለው ይሄን ነው፣ እየበሳችሁ ለኩ፣ ትናንት ሰው ቆሞበት ነበር ማለት ዛሬ ይይዛል ማለት አይደለም።

ማታ ስትመለሱ ያለው ስራ አምስት ደቂቃ ነው ግን ድካም ስላለ ሁሉም ይዘለዋል። የቀዘቀዘ ሪል ሙቅ ቤት ሲገባ ልክ መነጽር እንደሚያልበው ያልበዋል፣ ውጪውም ውስጡም። ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ካስቀመጣችሁት ያ ላብ እዚያው ይቀርና በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ከመኪና ሳይወርድ በረዶ ነው፣ ኩሽኔታውም ይዝጋል። አሳውን ለለብለብ እያዘጋጃችሁ፣ የነቢያት ጾም ከሆነና አሳ የማይበላ ቤት ከሆነ ደግሞ ፍሪዘር እያስገባችሁ፣ ስፑሉን ከሪሉ አውልቁት፣ ድራጉን ሙሉ ለሙሉ አላሉት፣ ሁለቱን ፎጣ ላይ ለየብቻ አስቀምጣችሁ እስከ ጠዋት ተዉአቸው፣ ምድጃ ወይ ሂተር ላይ ሳይሆን እንዲሁ ክፍሉ ውስጥ። ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ፣ ሮለሯ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ስፑሉን መልሱ፣ ድራጉን ግን እንዳላላችሁት ተዉት፣ የሚጠብቀው ሀይቁ ላይ ነው።