የአበባን ዕድሜ የሚያሳጥሩ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተጭኖ የመጣ ጽጌረዳ ቤት ሲገባ ውሃ ጠምቶታል። በሁለተኛው ቀን አንገቱን ሲደፋ «ድሮም ያረጀ ነው የሸጡልኝ» እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የኛው ነው።

ስኳር ብቻ መጨመር

«ስኳር ጣል አድርጊበት፣ ይቆይልሻል» የማይል ጎረቤት የለም። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። የተቆረጠ አበባ ስኳር ይጠቅመዋል፤ እንቡጡም እንዲፈካ ይረዳዋል። ችግሩ ስኳሩን ባክቴሪያም ይወደዋል። ባክቴሪያው ሲራባ የዘንጉን ቀጫጭን የውሃ መተላለፊያዎች ይደፍናል። ማስቀመጫው ሙሉ ውሃ ይዞ አበባው በውሃ ጥም ይሞታል። ዘንጉን አውጥታችሁ ጫፉን ዳስሱት፤ የሚያሟልጭ ነገር ካለው ጉዱ እሱ ነው። ማርም ያው ነው። የጅማን ማር ለብርዝ ተዉት።

ስኳር የሚገባው ከሎሚና ከበረኪና ጋር ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ በረኪና። ሎሚው ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለ ውሃ በዘንጉ ውስጥ ቶሎ ይወጣል፣ ባክቴሪያም አይመቸውም። ጭማቂውን ግን አጥልሉት፤ ፍሬውና ሥጋው ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል።

«በረኪና ምኑ ተፈጥሯዊ ነው?» የሚል አይጠፋም። ምኑም። አልፈልግም የሚል ሰው ስኳሩንም ይተወውና ውሃውን በየቀኑ ይቀይር፤ ከግማሽ መላ ይሻላል። የሚጠቀም ደግሞ በረኪናውን መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ይጨምር። ሳይበረዝ ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሙዝና ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ፍሬን የሚያበስለው ይኸው ጋዝ አበባን ያስረጃል። ከሰል ሲጨስም ይወጣል። እንግዲህ ጅማ ላይ ሳሎኑን አስቡት፤ ጠረጴዛው ላይ ሙዝ፣ አበባው ረከቦቱ ጎን፣ ምድጃው ከሥሩ። ካርኔሽን የሚባለው አበባ በዚህ የባሰ ይጎዳል። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ አበባው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። ቡና እስኪጠጣ አበባውን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት። ለፎቶ ከሆነ አንስታችሁ መልሱት።

ሳይቆርጡ ውሃ ውስጥ መክተት

ዘንጉ በመንገድ ላይ ጫፉ ደርቋል፣ አየርም ገብቶበታል። በስለታም ቢላ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱት። የደነዘዘ መቀስ ዘንጉን ይጨፈልቀዋል። አንገቱን የደፋ ጽጌረዳም ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። እንደገና ቆርጣችሁ ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ከነአበባው አጋድሙት።

ቅጠሉንና ማስቀመጫውን ችላ ማለት

ውሃ የሚነካው ቅጠል ሁሉ ይነቀል፤ ይሸታል። ማስቀመጫውን በሳሙና እጠቡት፣ ማለቅለቅ አይበቃም። የስኳር፣ የሎሚና የበረኪና ውሃውንም በየሁለት ቀኑ በአዲስ ለውጡ።

አበባው ላይ ውሃ መርጨት

የምንረጨው አበባው ትኩስ ሆኖ የሚቆይ እየመሰለን ነው። የጅማ አየር በክረምት ራሱ እርጥብ ነው፤ እርጥብ አበባ ላይ ግራጫ ሻጋታ ቶሎ ይይዛል። መጀመሪያ ትንንሽ ነጠብጣብ ይታያል፣ ከዚያ ጠቅላላው ይበሰብሳል። ከጓሮ የምትቆርጡ ከሆነ ጠዋት በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን። ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ አበባውን ዘቅዝቃችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ ደረቅ እስኪልም እርስ በርሱ ሳታጣብቁ አቁሙት።