ላፕቶፕ ይዘው የሚዞሩ ጸሐፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የምጽፈው ባገኘሁበት ቦታ ነው፤ ጠዋት ቤቴ፣ መብራት ሲጠፋ ቱሉ ዲምቱ ጄኔሬተር ያለው ካፌ፣ መሃል ከተማ ቀጠሮ ባለኝ ቀን ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ። እንደ እኔ በፍሪላንስ የሚሠሩ ወጣቶች ላፕቶፕ ሊገዙ ሲያስቡ ወይም ጽሑፍ ሲጠፋባቸው ይደውሉልኛል፤ አብዛኞቹም የሚጠይቁኝ ስለ ፍጥነት ነው። ለጽሑፍ ሥራ የሚበቃ ፍጥነት ማንኛውም ደህና ማሽን አለው። የብዙዎችን ሥራ ሲያበላሽ ያየሁት ጽሑፋቸው ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ፎንት ወይም ከአንድ ኔትወርክ ጋር ተጣብቆ መቅረቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አማርኛን ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት መጻፍ ነው፤ ዩኒኮድ የየቋንቋው ፊደል እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር የሚያገኝበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስሪት 3.0 የራሱን ቦታ ከማግኘቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቹን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። አንድ አሮጌ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነምልክቶቹ ከ300 ስለሚበልጥ፣ ፊደሎቹን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ማከፋፈል ግድ ሆኖ ነበር። በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ በስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያለው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ሲከፈትም የሚታየው ያ ድርድር ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጀማሪ ጸሐፊ ሦስት ሳምንት የደከመችበትን ጽሑፍ ለአርታኢው ልካ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ቃሊቲን አልፋ ሚኒባስ ውስጥ እያለች ተደወለላት። አርታኢው በስልኩ የከፈተው ፋይል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊነበብ የማይችል ምልክት ሆኖበት ነበር። የላፕቶፗ ባትሪ አልቋል፣ ሰፈሯም መብራት የለም፤ ጽሑፉ በዚያ እትም ሳይወጣ ቀረ። ልጅቷ የተጠቀመችው ላፕቶፑን የሸጠላት ሰው በጫነላት ፕሮግራም ስለሆነ የምወቅሳት በምንም አይደለም። ዩኒኮድ ከመጣ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ አሮጌ ፎንት በአዲስ ደንበኛ ማሽን ላይ የሚጭን ባለሙያ ግን ያስቆጣኛል። ቁጣዬ ከራሴ ጥፋትም የመጣ ነው። እኔም ለዓመታት በዚያው መንገድ ጽፌ፣ ከጊዜ በኋላ ፋይሎቹን ስከፍት ፎንቱ የትኛው እንደነበር እንኳ ስለማላውቅ፣ ያተምኳቸውን ወረቀቶች እያየሁ እንደገና መተየብ ነበረብኝ፤ ያላተምኩት በዚያው ጠፍቶ ቀርቷል።

ማረጋገጫው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከጻፉት ላይ አንድ አንቀጽ ቀድተው በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩት፤ ስልክዎ ላይ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በድምፁ መሠረት መተየብ ለሚመርጥ ሰው ደግሞ ኪማን የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ በስልክም ይሠራል። በዚሁ አጋጣሚ፣ አራት ነጥብ (።) ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ስለሆነ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ (፡፡) እየመቱ አይተኩት፤ መስመር ሲያልቅ ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላለው ማሽን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን አስቀድሞ የገዛ ሰው መጣል አይኖርበትም፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም አስጭኖ፣ ሊብሬኦፊስ በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ያለ ችግር መጻፍ ይችላል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለውን ላፕቶፕ ግን በኮረኮንች መንገድ እንደበራ ይዞ መጓዝ ዲስኩን መግደል ነው፤ የሚሽከረከር አካል በሌለው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ያስቀይሩት። ባትሪውንም ሻጩ በነገረዎት ሰዓት አይመኑ፤ ቻርጀሩን ነቅለው ግማሽ ሰዓት እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሥሩበት።

የስልክ ፓወር ባንክ ላፕቶፕን ይሞላል ብሎ ማሰብም የተለመደ ስህተት ነው። ተራው ፓወር ባንክ 5 ቮልት ይሰጣል፤ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ግን ብዙውን ጊዜ 20 ቮልት ስለሚፈልግ፣ ፓወር ዴሊቨሪ የሚል ጽሑፍ ያለበትንና 65 ዋት የሚያወጣውን መፈለግ ያስፈልጋል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተባለው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ሲሞላ የሚባክነው ኃይል ሲቀነስ 50 ዋት ሰዓት የሚይዝን የላፕቶፕ ባትሪ አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል እስኪረጋጋ መጠበቅ ይሻላል፤ እኔ አንድ ቻርጀር ካቃጠልኩ በኋላ ነው የተማርኩት።

ጎግል ዶክስ ላይ የሚጽፍ ሰው ያለ ኢንተርኔት መሥራት የሚያስችለውን ምርጫ ቤቱ ሳለ፣ ኔትወርክ እያለ ሊያበራው ይገባል፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ማብራት አይቻልም። በወርድ የሚጽፍ ደግሞ ፕሮግራሙ በድንገት ቢዘጋ ጽሑፉን ለመመለስ በየ10 ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጠውን የማገገሚያ ቅጂ (AutoRecover) ወደ 1 ደቂቃ ያውርደው። ከስልክ ሆትስፖት ጋር የሚገናኝ ላፕቶፕ ካልከለከሉት የዊንዶውስን ማሻሻያ እያወረደ የወሩን ጥቅል በአንድ ምሽት ሊጨርስ ይችላልና፣ በኔትወርኩ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱ የተገደበ (Metered connection) መሆኑን ያስመዝግቡ።

ፍላሽ ፋይል ማድረሻ ነው፤ ማስቀመጫ አይደለም። ተጨማሪ ዲስክ ገዝተው ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚይዙ ሰዎችንም አያለሁ፤ ቦርሳው ሚኒባስ ውስጥ ሲረሳ ወይም ሲሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እኔ የዕለቱን ጽሑፍ ማታ በቴሌግራም ወደ ራሴ እልካለሁ፤ ዲስኩ ግን ከልብስ ሳጥኔ አይወጣም፤ አርብ ማታ፣ መብራት ከሌለም ቅዳሜ ጠዋት፣ የሳምንቱን ሥራ እገለብጥበታለሁ።