ከእርከኑ በፊት ጉባኤው፦ የቀበሌን የአየር ንብረት ዕቅድ ከነዋሪው ጋር እንዴት እንወስን

በብዙ የገጠር ቀበሌ የሕዝብ ተሳትፎ የሚለካው በጉልበት ነው፤ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ይባላል። እርከኑ ከየት ይጀምር፣ የትኛው ግጦሽ ይከለል፣ ችግኙ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተወስኖ ይመጣል። ውጤቱም የታወቀ ነው። በጥር የተሠራው እርከን በሰኔ ይታረሳል፣ የተተከለውን ችግኝ ከብት ይጨርሰዋል። ገበሬው የአየሩ መለወጥ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። በልጉ የቀረበትን ዓመት፣ ምንጩ የደረቀበትን ወር ከማንም በላይ ያውቃል። ባልተጠየቀበት ነገር ላይ ዘብ የሚቆምበት ምክንያት ግን የለውም።

ይህ ጽሑፍ ለቀበሌ ምክር ቤት አባላት፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለወረዳ ባለሙያዎችና ‹እኛንም ጠይቁን› ለሚሉ ነዋሪዎች ነው። ጥያቄው መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ሕዝቡ ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ይህንኑ ለአካባቢ ፖሊሲ ለብቻው ይደግመዋል።

ስብሰባ ከመጥራት በፊት

መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዳራሽ ሳይሆን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የቀበሌው አስተዳደርና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ፈርመው ማኅተም የሚያሳርፉበት ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ነዋሪው የሚወስነው ምኑን እንደሆነ፣ ለውሳኔው የተያዘው ገንዘብና የጉልበት ቀን ስንት እንደሆነ፣ ከወዲሁ የተወሰነና የማይነካው ምን እንደሆነ፣ መልስ በስንት ቀን እንደሚሰጥ። ለመልሱ 30 ቀን በቂ ነው። ባለሥልጣኑ ይህን ለመፈረም ካመነታ ሰው አትሰብስቡ። አንድ ጊዜ ተሰብስቦ መልስ ያላገኘ ሕዝብን በሁለተኛው ጥሪ ማምጣት እጅግ ይከብዳል።

የመልሱ ነገር የሀብታም አገርንም ይፈትናል። ፈረንሳይ ከጥቅምት 2019 እስከ ሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎችን ስለ አየር ንብረት እንዲመክሩ ሰበሰበች፤ እነሱም 149 ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ማክሮን ሐሳቡን ‹ያለ ማጣሪያ› አስተላልፋለሁ ብለው ነበር። ብዙው ግን ተሻሽሎ፣ ተዳክሞ ወይም ወድቆ ቀረ፤ አባላቱም ቅሬታቸውን በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው፦ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ፤ የገባችሁትን ግን በጽሑፍ አስቀምጡ።

የገንዘቡ ልክ ከመነሻው መታወቁ ምክክሩን ከምኞት ወደ ውሳኔ ይቀይረዋል። በኬንያ ከኢሲዮሎ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ካውንቲዎች የተዛመተው የአየር ንብረት ፈንድ ከገንዘቡ 70 በመቶውን በዋርድ (ከካውንቲ በታች ባለ የአስተዳደር ክፍል) ደረጃ ያለ የነዋሪዎች ኮሚቴ ለሚመርጠው ሥራ፣ 20 በመቶውን ለካውንቲ አቀፍ ሥራ፣ ቀሪውን እስከ 10 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ ያውላል። በእኛ ቀበሌ ጥሬ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ጉልበቱ በጀት ነው፤ እንደ በጀትም ይቆጠር። 180 አባወራና እማወራ ባለበት ተፋሰስ ከየቤቱ ሁለት ሰው 20 ቀን ቢወጣ 7,200 የሰው ቀን ነው። በተለመደው የሥራ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጉልበት 48 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ነው፤ ወይም ወደ 29 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን፤ ወይም ከዚያ ያነሰ እርከንና ሁለት የተገራ ቦረቦር። ይህን ስሌት በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በጠጠር አሳዩት፤ አንድ ጠጠር 100 የሰው ቀን ይሁን።

ጥያቄውን ማጥበብ

‹የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት እንቋቋም› የሚል ጥያቄ የሚያመጣው ንግግር እንጂ ውሳኔ አይደለም። ጥሩ ጥያቄ ቦታ፣ ጊዜና አቅም አለው፦ ‹ከላይኛው ተረተር የሚወርደው ጎርፍ የታችኛውን ማሳ እንዳይጠርግና ምንጩ እስከ ግንቦት እንዲዘልቅ፣ በሚመጡት ሁለት ዓመታት 7,200 የሰው ቀናችንን ምን ላይ እናውል? የትኛውን ግጦሽስ ለስንት ዓመት እንከልል?›

ወሰኑ የቀበሌው ሳይሆን የውኃው ይሁን። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር እንዲሆን ይመክራል። በዚህ ስፋት ጎርፉን የሚለቀው የላይኛው ሰፈርና ጎርፉ የሚያጠፋው የታችኛው ሰፈር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ተፋሰሱ ሁለት ቀበሌ ካቋረጠ ሁለቱም ይጠሩ፤ ግማሽ ተፋሰስ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ለግማሽ ጎርፍ ነው።

ማን ይቀመጥ

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። ‹ሁሉም ይምጣ› ሲባል የሚመጡት ቅርብ ያሉት፣ ጊዜ ያላቸውና ከአመራሩ ጋር የሚግባቡት ናቸው። በልማት ቡድን መሪዎች በኩል ብቻ መጥራትም ያንኑ ሰው ደግሞ ማምጣት ነው። ከዚህ የሚሻለው ዕጣ ነው። ዕጣ ለገበሬው እንግዳ አይደለም፤ የመስኖ ተራም ሆነ የመሬት ክፍፍል በዕጣ ሲወሰን ኖሯል።

ለዕጣው የስም ዝርዝር ያስፈልጋል። የመሬት ይዞታ መዝገብን ብቻ ከተጠቀማችሁ መሬት አልባው ወጣት ከመነሻው ይወድቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ የሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር እያንዳንዱን ቤት ስለሚያካትት የተሻለ ነው። ከእሱ ግን የቤት ቁጥርና የጎጥ ስም ብቻ ይወሰድ፤ የጤናው መረጃ ምስጢር ነው፣ ማኅደሩም ከጤና ኬላው አይውጣ።

36 ሰው ተስማሚ ቁጥር ነው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በስድስት ቡድን ይከፈላል። የቤት ቁጥሮችን በጎጥ ለዩና በየጎጡ ልክ ዕጣ አውጡ። 36 ለማግኘት 72 ቤት ጥሩ፤ የሚታመም፣ የሚሄድ፣ የማይፈልግ አለ። እሺ ካሉት መካከል 18 ሴቶች፣ ቢያንስ 9 ከ30 ዓመት በታች የሆኑ፣ ቢያንስ 9 መሬት የሌላቸው ወይም መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ እስኪሞሉ በድጋሚ ዕጣ ይውጣ። ዕጣው የሚወጣው በቢሮ አይደለም፤ በገበያ ቀን ሕዝብ እያየ፣ አንድ ሕፃን ከእንቅብ ውስጥ እያነሣ ነው። ሽማግሌዎች፣ ቄሱና ሼኩ ዕጣ ባይወጣላቸውም ቃላቸው ይደመጥ፤ ምስክርነት ሰጥተው ይሂዱ እንጂ ድምፅ አይስጡ።

ሴፍቲኔት በሚሠራበት ቀበሌ አንድ አደጋ አለ። ተጠቃሚው ‹ከተቃወምኩ ከዝርዝሩ እሰረዛለሁ› ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ የተጠቃሚ ምልመላ ላይ ያለ ሰው ጉባኤውን አይምራ። በመክፈቻው ላይም የሚናገሩት ነገር ዕርዳታቸውን እንደማይነካ በቀበሌው ሊቀ መንበር አፍ ይነገር።

ቀኑና ሰዓቱ

በአራት ቀን የሚያልቅ ጉባኤ በአራት ተከታታይ ሳምንት ቢደረግ ይመረጣል፤ በመሃል ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ከጎረቤቱ ይመክራል። እርሻ በማይታረስባቸው የወር በዓላት፣ ለምሳሌ በ12፣ በ21 ወይም በ29፣ መጥራት ይቻላል። የገበያ ቀንና ሙስሊሞች ባሉበት የጁምዓ ሰዓት ይተው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይሁን፤ ከዚያ ቀድሞ ሴቶች ውኃ ላይ ናቸው፣ ከዚያ ዘግይቶም እራት አለ። ምሳ ይቅረብ፤ ሕፃናትን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ይቀጠሩ፤ ለተሳታፊው በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይከፈል። ‹ለራሳቸው ጉዳይ ለምን ይከፈላቸዋል› የሚሉ አሉ። የባለሙያው አበል የማያከራክር ከሆነ የቀን ሠራተኛዋም አያከራክር። በቀን ሥራ የምትኖር ሴት ሳይከፈላት አራት ቀን ልትቀመጥ አትችልም፤ እሷ ከሌለች ደግሞ ዕጣው ከንቱ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የቀበሌ ዕቅድ የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀን ጠይቁና ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አራተኛው ጉባኤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያልቅ አድርጉ። ይህ ቀን ካለፈ ያማረው ውሳኔ ሁሉ ‹ለሚመጣው ዓመት› ይባላል።

አራቱ ቀናት

የመጀመሪያው ቀን የእግር ነው። ከውኃ መክፈያው ተረተር እስከ ታችኛው ወንዝ አብራችሁ ውረዱ። በየመቶ ሜትሩ ቆማችሁ ምን ነበር፣ አሁን ምን አለ፣ ማን ይጠቀምበታል ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ በመሬት ላይ ካርታ ይሥሩ፤ አመድ ለመንገድ፣ ቅጠል ለደን፣ ድንጋይ ለቤት፣ ባቄላ ለምንጭ። ሁለቱ ካርታዎች አይመሳሰሉም። የሴቶቹ ላይ የማገዶና የውኃ መንገድ፣ የወንዶቹ ላይ ማሳና ግጦሽ ይጎላል። ልዩነቱ ራሱ መረጃ ስለሆነ ሁለቱንም ወደ ወረቀት ገልብጡ እንጂ አታስታርቁ።

በሁለተኛው ቀን ማስረጃ ይቀርባል። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በአቅራቢያው ካለ ጣቢያ የመዘገበው ዝናብ በአንድ ወገን፣ ነዋሪው የሚያስታውሰው የዘመን መቁጠሪያ በሌላ ወገን ይቀመጥ፤ የ1977ቱ ድርቅ፣ የ2007/08 የኤልኒኞ ድርቅ፣ የቅርቡ ጎርፍ። ባለሙያው 20 ደቂቃ ይናገር፣ 40 ደቂቃ ይጠየቅ። የተገላቢጦሹ ከሆነ ስልጠና እንጂ ምክክር አይደለም።

ሦስተኛው ቀን አማራጭ የሚመዘንበት ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የሚገባውም ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ አማራጭ ስንት የሰው ቀን እንደሚፈጅ፣ መቼ ፍሬ እንደሚሰጥና ማን እንደሚጎዳ ይጻፍ። ሦስተኛው ጥያቄ ሲዘለል ነው ዕቅድ የሚፈርሰው። ግጦሽ ሲከለል ብዙ ከብት ያለው ሰው የራሱ ሣር ሊኖረው ይችላል፤ የሚጎዱት መሬት የሌላቸው ፍየል አርቢዎችና ማገዶ ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ከተከለለው የሚታጨደው ሣር በከብት ብዛት ሳይሆን በቤት እኩል ቢከፋፈል፣ ደረቅ እንጨት የሚለቀምበት ቀን ቢወሰን ጉዳቱ ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ ወይራና ዋንዛ የሚለው ክርክርም እዚህ ይጨረስ፤ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣው ዛፍ ከምንጭ አጠገብ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይነገር።

በአራተኛው ቀን ድምፅ ይሰጣል። በእጅ ማውጣት አይሁን፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። ስድስት አማራጭ ካለ ሁለት ሁለቱን እያነጻጸራችሁ 15 ጥንድ ላይ ተወያዩ፤ ይህ ሐሳብ ያጠራል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አምስት ባቄላ ይዞ መጋረጃ ጀርባ ይግባና ሥዕል በተለጠፈባቸው ጣሳዎች ውስጥ እንደፈለገ ያከፋፍል። ቆጠራው በአደባባይ ይሁን። በጭብጨባ ‹በሙሉ ድምፅ› የጸደቀ ዕቅድ ስታዩ ጠርጥሩ፤ የላይኛውና የታችኛው ሰፈር በሁሉም ነገር የሚስማሙ ከሆነ አንዱ አልተናገረም ማለት ነው።

ደንብና ቃለ ጉባኤ

የተወሰነው በመተዳደሪያ ደንብ ይታሰር። የሚከለለው ቦታ ምልክት፣ የሚከለልበት ዓመት፣ የጠባቂው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ቅጣት ሲጋነን አይሰበሰብም፤ ዳኛው ጎረቤት ስለሆነ ይምራል። ለመጀመሪያ ጥፋት ትንሽ፣ እየተደጋገመ የሚጨምር ቅጣት ይሻላል። በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ሣር ለዘመናት የቆየው እንዲህ ባለ የአካባቢው ሰው ባወጣው ሥርዓት ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ በስምምነት ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ ስለነበር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ተናጋ። ደንባችሁ በአንድ ሥልጣን ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል በቀበሌው ምክር ቤት ይጽደቅ፣ በማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ይታወቅ፣ በዕድርም ይነበብ።

ቃለ ጉባኤው በየቀኑ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ይነበብ። እያንዳንዱ ገጽ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይረጋገጥ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ልዩነቱ ይመዝገብለት። አንድ ቅጂ ከቀበሌው ውጭ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤቱ፣ ይቀመጥ።

በከተማ ከሆነ

አካሄዱ ያው ሆኖ ጥያቄው ይለወጣል፤ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ፣ የወንዝ ዳር ቤቶች፣ ጥላ፣ ቆሻሻ። የዕድር መዝገብ ለጥሪ ምቹ ቢሆንም ተከራዩን አያካትትም። በወንዝ ዳር ጎርፍ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው፤ ስለዚህ ቤት ለቤት ቁጥር ሰጥታችሁ ዕጣ አውጡ።

ከውሳኔው በኋላ

ወረዳው ለእያንዳንዱ ነጥብ ከሦስቱ አንዱን መልስ በጽሑፍ ይስጥ፦ ተቀብለናል፣ አሻሽለን ተቀብለናል፣ አልተቀበልንም፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ምክንያት ይጨመር። መልሱ በ36ቱ ፊት ይነበብና በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከ36ቱ መካከል አምስት ሰው፣ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ሆነው፣ አፈጻጸሙን ይከታተሉ። እነሱም በሚያዝያ እርከኑን ይለኩ፣ በመስከረም ጎርፉ የሰበረውን ይቁጠሩ፣ በታኅሣሥ በሕይወት ያለውን ችግኝ ይቁጠሩ። የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ነው የሚያሳውቁት። በየዓመቱ ከ36ቱ 18ቱ በአዲስ ዕጣ ይተኩ፤ የቀሩት ልምዱን ለአዲሶቹ ያስረክባሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ተራው የእነሱ ይሆናል።