ልጅዎ ለትምህርት ቤቱ ሲጫወት ከተመልካች መቀመጫ ሆነው እንዴት ይመልከቱት?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ማልያ ለብሶ ሲጫወት ለማየት ፈረቃ ተቀያይረውና ከአለቃ ፈቃድ ለምነው ይመጣሉ። እንዲህ በድካም የተገኘው ሰዓት ግን ኳሷን በዓይን በመከተልና በመጮኽ ብቻ ሲያልቅ እመለከታለሁ፤ ወላጁ ውጤቱን አውቆ ይሄዳል እንጂ ልጁን አላየውም። እኔም የተጫዋች ወላጅ ነኝና ልጅን በትክክል ለማየት ይጠቅማል ብዬ የማምንበትን እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ የውድድሩን ወቅት ማወቅ ያስፈልጋል። በሜሪላንድና በዲሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እግር ኳስ የሚካሄደው ትምህርት እንደተከፈተ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ ግን ብርዱ ሲያልፍ ከመጋቢት ጀምሮ ነው። የቨርጂኒያው ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጣጠም፣ ልጅዎ የሚጾም ከሆነ በጨዋታ ቀን ምን እና መቼ እንደሚመገብ አስቀድማችሁ በቤት ተነጋገሩ፤ አሠልጣኙም ይወቀው። ከመቀመጫ ሆኖ ሲያዩት ስንፍና የሚመስለው ነገር አንዳንድ ጊዜ የምግብና የውኃ ማነስ ነው።

ቀጥሎ ሕጉን ይወቁ፤ ምክንያቱም የትምህርት ቤቱ እግር ኳስ በቴሌቪዥን ከምናውቀው በጥቂት ነገሮች ይለያል። እያንዳንዱ አጋማሽ 40 ደቂቃ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓትም ብዙውን ጊዜ ከ40 ተነሥቶ ወደ ዜሮ ይቆጥራል። ግብ ሲቆጠር፣ ካርድ ሲሰጥና ፍጹም ቅጣት ምት ሲኖር ሰዓቱ ስለሚቆም፣ ዜሮ ላይ ሲደርስ አጋማሹ ያበቃል እንጂ የባከነ ሰዓት እየተባለ አይጨመርም። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት ይችላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁ በ15ኛው ደቂቃ ሲወጣ አሠልጣኙ የቀጣው ይመስለውና ፊቱን ያጠቁራል፤ ልጁ ግን ትንፋሽ ሰብስቦ ሊመለስ ነው። ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋችም በሌላ ተተክቶ ለጊዜው እንዲወጣ ስለሚደረግ፣ ተባረረ ብሎ መደንገጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሜዳው ደረጃ ያለው መቀመጫ ካለው ከላይኛው ረድፍ ይቀመጡ። ከታች፣ ከመስመሩ ጠርዝ ሆኖ የሚታየው እግርና ግርግር ነው፤ ከላይ ሲሆን ግን ተጫዋቾቹ በመካከላቸው የተዉት ርቀት፣ የተከላካዮቹ መስመርና ባዶ የቀረው ቦታ በግልጽ ይታያል። ከዚያም በየአጋማሹ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዓይንዎን ከኳሷ አንሥተው ልጅዎ ላይ ብቻ ያሳርፉ። መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲመለከት ወደ ሌላ መመልከት ልምድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በጨዋታው ሁሉ ኳስ በአንድ ተጫዋች እግር ሥር የምትቆየው ተደምሮ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ኳሷን ብቻ የሚከተል ወላጅ ከልጁ ጨዋታ አብዛኛውን ሳያየው ይቀራል።

በእነዚያ ደቂቃዎች የሚከተሉትን ያስተውሉ። ኳሷ ከእርሱ ስትርቅ የት ይቆማል? እንደ ተመልካች ይቆማል ወይስ ከቡድኑ ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል? ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል? ኳስ ሲነጠቅ እጁን አንሥቶ ይቆማል ወይስ ወዲያው ተከትሎ ይሮጣል? ጓደኛው ሲሳሳት ምን ያደርጋል? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ግብ የተቆጠረበትን በረኛ ጀርባውን መታ አድርጎ የሚያልፍ ልጅ ካለዎት፣ በውጤት ሰሌዳ ላይ የማይወጣ ትልቅ ነገር አይተዋል። በተቀያሪ ወንበር ላይ ሲሆንም ዓይንዎን አያንሡበት፤ ተቀምጦ ጨዋታውን በንቃት የሚከታተለው ልጅ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ልጅዎ በረኛ ከሆነ ደግሞ ግቡ ሲገባ እርሱን ብቻ አይመልከቱ፤ ኳሷ መጀመሪያ የጠፋችበትን ቦታ ወደ ኋላ ሄደው ቢያስታውሱ፣ ከአጥቂው ጀምሮ ብዙ ሰው ሳያስቆማት እንዳለፈች ያያሉ።

ስለ ድምፅ ረዘም አድርጌ ልናገር። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ቆሞ የቅዱስ ጊዮርጊስንና የኢትዮጵያ ቡናን ጨዋታ ያየ አባት ያንን ድምፅ ይዞ መምጣቱ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ያ ድምፅ የሚገባው ደመወዝ እየተከፈለው ለሚጫወት አዋቂ ነው። ሜዳ ላይ ያለው የ15 ዓመት ልጅ የአሠልጣኙን ትእዛዝ ለመፈጸም እየጣረ ሳለ «ምታው!»፣ «አቀብል!»፣ «ተመለስ!» የሚል ሁለተኛ ድምፅ ሲመጣበት፣ ከሁለት አንዱን አለመታዘዝ ግዴታ ይሆንበታል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ምናልባት ትእዛዙን የሚሰማው እርሱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ወደ እርሱ ዞሮ ያያል፤ እርሱም ኳሷን ትቶ ወደ መቀመጫው ቀና ይላል። ትእዛዝ ይተው እንጂ ማበረታታቱን አይተው። «አይዞህ!» እና «ጎበዝ!» ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ ወይም ጨዋታው ሲቆም ቢባሉ ለልጁ ኃይል ይሆኑታል፤ የሌላውን ልጅ ስም ጠርቶ ማድነቅ ደግሞ የቡድኑን ወላጆች ያቀራርባል።

አማርኛ የሚሰማ የለም በሚል የሌላውን ልጅ ወይም ዳኛውን መዝለፍም በዚህ አካባቢ ፈጽሞ አያዋጣም። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ከኋላዎ የተቀመጡት እናት የተዘለፈው ተከላካይ ወላጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ዳኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከጨዋታ ውጪ የሚለካው ኳሷ በተላለፈችበት ቅጽበት፣ በረኛውንም ጨምሮ ከግቡ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። የመስመር ዳኛው እዚያ የሚሮጠው ስለዚሁ ነው፤ በሰያፍ የተቀመጠ ተመልካች በእርግጠኝነት ሊፈርድ አይችልም።

ልጅዎ አገር አቋራጭ የምትሮጥ ከሆነ መቀመጫ የለም፤ ወላጁ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ነው። የመሮጫውን ካርታ አስቀድመው ይያዙና ከመነሻው፣ ከመካከለኛው ዳገትና ከመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ለመድረስ የሚያስችል አቋራጭ መንገድ ይምረጡ። ከገመዱ አልፈው አይግቡ፤ ከሯጯ ጎን አብሮ መሮጥ እንደ እርዳታ ተቆጥሮ ከውድድሩ ሊያሰርዛት ይችላል። እኛ ጃንሜዳን እያሰብን ያደግን፣ ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ሲያሸንፍ ያየን ሰዎች፣ አንደኛ ማን ወጣ ብቻ ማለት ይቀናናል። በትምህርት ቤት ውድድር ግን የአንድ ቡድን ሰባት ሯጮች ሲሮጡ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደረጃ ይደመራል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ቡድን ያሸንፋል። ስለዚህ 40ኛ የወጣችው ልጅ የቡድኑ አምስተኛ ከሆነች፣ በመጨረሻው ሜዳ ላይ ያለፈቻቸው ሁለት ሯጮች ዋንጫውን ሊወስኑ ይችላሉ። ስድስተኛዋና ሰባተኛዋም ከሌላው ቡድን ነጥብ አስቆጣሪዎች ቀድመው ሲገቡ የተጋጣሚውን ነጥብ ያበዛሉ። አምስተኛዋን ቆመው ይጠብቁ።

ልጅዎ ራሱን ተመትቶ ቢወድቅ ወደ ሜዳ አይሩጡ፤ የሚረዳው የጤና ባለሙያ ወይም አሠልጣኙ እስኪጠራዎ ይጠብቁ። የአንጎል መናወጥ ከተጠረጠረ ልጁ ወዲያው ከጨዋታ ይወጣል፤ የጤና ባለሙያ ሳይፈቅድለትም አይመለስም። «ደኅና ነኝ፣ ልግባ» ቢልም እንኳ ከእርሱ ጋር ሆነው አሠልጣኙን አይለምኑ። ማታ በቤት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃን መጥላት ካዩ ለሐኪም ይንገሩ፤ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ወደ ቤት ስትመለሱ በመኪና ውስጥ ጨዋታውን አይተንትኑ። ያዩትን አንድ ጥሩ ነገር በስም ጠርተው ይንገሩት፤ ለምሳሌ ጓደኛው ሲወድቅ ተመልሶ እንዳነሣው ማየትዎን። ስለ ስሕተቱ ራሱ ካነሣ ያድምጡ፤ ካላነሣ ያቆዩት።

በቂ ጊዜ አልተጫወተም ብለው ካሰቡ ጨዋታው ባለቀበት ሜዳ ላይ አሠልጣኙን አያነጋግሩ። በአገራችን መምህርን ማክበር ማለት ዝም ማለት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ እዚህ ግን ጥያቄ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፣ ጊዜውንና ሥርዓቱን ከጠበቀ ይከበራል። መጀመሪያ ልጁ ራሱ «ምን ባሻሽል ይሻላል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ካልበቃ፣ በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ስለ ልጅዎ ብቻ ይጻፉ፣ የሌላ ልጅ ስም አያንሡ፣ ለውይይት የሚመቹዎትን ሁለት ቀናትም ይጥቀሱ። በእንግሊዝኛ መነጋገሩ ካስቸገረዎ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ስለ ራሱ እንዲያስተረጉም አያድርጉት።