የተሸጠ ቤት ፖስት አታጥፉ

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም በቴሌግራም ቻናል ቤትና ቦታ ለምታሻሽጡ፦ ቤቱ ሲሸጥ ፖስቱን አታጥፉት። ኤዲት አድርጉና ከላይ «ተሽጧል» ብላችሁ፣ ከሥር በዚያው ሰፈር ወይም በተቀራራቢ ዋጋ ያለ የሌላ ቤት ፖስት ሊንክ አስገቡ።

ጥሩ ቤት ሲወጣ ሰው ፎርዋርድ ያደርገዋል፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ ሳይቀር ይደርሳል። ከሳምንታት በኋላ ያየው ገዥ የቻናላችሁን ስም ሲነካ በቀጥታ ወደዚያው ፖስት ይመጣል። ካጠፋችሁት መንገዱ ተቆረጠ። ካለ ግን ቀጣዩን ቤት አይቶ ይደውላል። እንዲህ ፈልጎ የመጣ አንድ ሰው ላይክ አድርገው ከሚያልፉ መቶ ሰዎች ይበልጥብኛል።

ልብ በሉ፣ ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረገው ኮፒ አብሮ አይቀየርም፤ እዚያ ላይ አሁንም «ይሸጣል» ይላል። ስለዚህ ለሚደውል ሰው ቤቱ እንዳለ አታስመስሉ፤ ስልኩን እንዳነሣችሁ መሸጡን ንገሩት፣ ከዚያ ሌላውን አሳዩት። ባለቤቱ ወይም ገዥው የቤቱ ፎቶ ከቻናሉ እንዲጠፋ ከጠየቀ ግን ያለ ክርክር አጥፉት። ግሩፕ ላይ ተራ አባል ከሆናችሁም ይህ ብዙ አያስኬድም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ኤዲት ማድረግ አይቻልም።