ሞኒተር የሌለው የቤት ሰርቨር መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መብራት ሄዶ ሲመጣ የየጎረቤቱ ፍሪጅ ማጉረምረም ይጀምራል። የእኛ ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሎችን ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ግን ዝም እንዳለ ይቀር ነበር። ሞኒተርም ኪቦርድም የሌለው ኮምፒውተር ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ጄሊፊን በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የቤተሰቡን ቪዲዮዎች ያሳያል። እናቴ ለእንግዳ የወንድሜን ሠርግ ልታሳይ ስትል ሥራ ቦታ ትደውልልኛለች፦ «ልጄ፣ ዛሬም እምቢ አለኝ።»

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ራሱ መነሳቱን ሳያረጋግጥ ሶፍትዌሩ ላይ ይደክማል። አንድ ጊዜ ሞኒተርና ኪቦርድ ይሰኩና ባዮስ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ በሚሠራው የቅንብር ገጽ፣ ይግቡ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ምርጫ ይፈልጉ፤ ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። «ሁልጊዜ ይብራ» የሚለውን ይምረጡ።

ሁለተኛው ስህተት ፕሮግራሙን በዴስክቶፑ የማስጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ መክተት ነው። ያ ዝርዝር የሚሠራው ተጠቃሚ ወደ ዴስክቶፑ ሲገባ ብቻ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚገባ ሰው የለም። ጄሊፊን ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ በፓኬጅ ሲጫን የሲስተምዲ ሰርቪስ፣ ማለትም ማንም ሳይገባ ሲስተሙ ራሱ ከጀርባ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ይሆናል፤ በዚያው ይጠቀሙ። «ስታርት» የሚለው ትእዛዝ አሁን ያስነሳዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው «ኢኔብል» ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

እኔን ክፉኛ ያደከመኝ የውጭ ሃርድ ዲስኩ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰርቨሩ መብራቱ በርቶ ከየትም አልገኝ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ኪቦርድ እየጠበቀ ነበር። ቤት ሲጸዳ የዲስኩ ገመድ ላልቷል። ሲስተሙ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች በሚጻፉበት፣ ኤፍስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ ዲስኩን ስመዘግብ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይገኝም መነሳትህን ቀጥል) የሚለውን ቃል አልጨመርኩም፤ ስለዚህ ሲስተሙ ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠብቆ በአደጋ ጊዜ ሁነታ ቆመ። በዚያ ሁነታ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ለመግባት የሚያስችለው የርቀት መግቢያ አይነሳም። ያቺን ቃል ይጨምሩ። ዲስኩንም ሲስተሙ በሚሰጠው «ኤስዲቢ» በመሰለ ስም አይጥሩት፣ ስሙ በየመነሻው ሊቀያየር ይችላል፤ የማይለወጠውን መለያውን፣ ዩዩአይዲውን፣ ይጻፉ።

«ኖፌይል» ግን ሌላ ችግር ያመጣል። አሁን ሰርቪሱ ዲስኩ ሳይደርስ ሊነሳና ባዶ ፎልደር ሊያገኝ ይችላል። በሰርቪሱ ቅንብር ላይ «ሪኳየርስማውንትስፎር» ብለው የቪዲዮውን ፎልደር አድራሻ ያስገቡ፤ ዲስኩ ካልተያያዘ ጄሊፊን አይነሳም። የፓኬጁን ዋና ፋይል አይንኩ፣ ሲታደስ ይጠፋብዎታል፤ በ«ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ትእዛዝ ያድርጉት።

ሰርቪሱ የሚሠራው በእርስዎ ስም ሳይሆን «ጄሊፊን» በተባለ ተጠቃሚ ስም ነው። ፎልደሩን የማንበብ ፈቃድ ካልሰጡት ቪዲዮዎቹ አይታዩም። ራውተሩም ለሰርቨሩ ሁልጊዜ አንድ አድራሻ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ አለዚያ ቴሌቪዥኑ የድሮውን ይዞ ይቀራል።

ሳይፈትሹ ግን አይተዉት። እየሠራ ሳለ ሶኬቱን አይንቀሉ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። በሥርዓቱ ያጥፉት፣ ይንቀሉት፣ ጥቂት ቆይተው ይሰኩት፤ ከዚያ ምንም ሳይነኩ በስልክዎ ብራውዘር የሰርቨሩን አድራሻ ጄሊፊን ከሚጠቀምበት የፖርት ቁጥር ከ8096 ጋር ይክፈቱ። የጄሊፊን ገጽ ከመጣ ሞኒተሩን ወደ ቦታው ይመልሱ።