የታዳጊ ሴቶች የበጎ ፈቃድ ክበብ እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ ይታገዛል?

ክበብ ማቋቋም ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ክበቡ የልጆቹ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ብዙ ክበቦች በሞቅታ ተጀምረው ሁለት ሦስት ወር ሳይቆዩ ይከስማሉ። ሰው ልጆቹ ሰነፉ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አዋቂዎቹ ሁሉን ነገር ወስነው ስለጨረሱባቸው ነው። ለልጆቹ የተረፈው ወንበር መደርደርና ቲሸርት ለብሶ ፎቶ መነሳት ብቻ ይሆናል። ማን ይመላለሳል ለዚህ?

መጀመሪያ መጠጊያ ፈልጉ

ክበቡ የሚሰበሰብበት ቦታና ኃላፊነት የሚወስድለት ተቋም ይፈልጋል። ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣት ማዕከል ሊሆን ይችላል። ከባዶ መነሳት ካልፈለጋችሁ ነባር ድርጅቶች አሉ። በሴቶች መብት ላይ የሚሠራው ዞንታ ኢንተርናሽናል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዚ ክለብ የሚባሉ ክበቦች አሉት፤ የመጀመሪያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በጎ ሥራ የሚሠሩ የአዋቂዎች ክበቦች ያሉት ሮታሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች ኢንተራክት የሚባል ክበብ አለው። ኢንተራክት ለወንዶችም ለሴቶችም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ክበብ በዓመት ቢያንስ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ይጠበቃል፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአካባቢው፣ ሌላው በሕዝቦች መካከል መግባባትን የሚያጠናክር። የማንም አባል ባትሆኑ እንኳ ይህችን ልክ ያዙ። ትምህርትና የቤት ሥራ ላለባት ልጅ በዓመት ሁለት በደንብ ያለቁ ሥራዎች ከበቂ በላይ ናቸው።

የደኅንነቱን ነገር አስቀድሙ

አንድ አዋቂ ብቻውን አይበቃም። ቢያንስ ሁለት አማካሪዎች ሁኑ፤ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። አንድ አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም። በግል የስልክ መልእክት መጻጻፍም አይኖርም፤ መልእክት ሁሉ ሁለቱም አማካሪዎች ባሉበት ግሩፕ ይለፍ። ከወላጅ የተፈረመ ፈቃድ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የስብሰባው ቀንና ሰዓት፣ ልጅቷ እንዴት ወደ ቤት እንደምትመለስ፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልበት ስልክ ይኑር። ለፎቶ ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ፤ ወላጅን ብቻ ሳይሆን ልጅቷንም። አንዲት ልጅ ጉዳት እየደረሰባት እንደሆነ ከነገረቻችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የሚረዳት ሰው ዘንድ ማድረስ ግዴታችሁ ነው። ለማን እንደሚነገር ክበቡ ሳይጀመር እወቁ።

ከጥቂቶች ጀምሩ

ስድስት፣ ሰባት ልጆች ለመነሻ ይበቃሉ። መምህራን ስም ዝርዝር ስጡን ሲባሉ የደረጃ ተማሪዎችን ነው የሚሰጧችሁ። ጎበዞቹ ይምጡ፣ ችግር የለም። ግን ከኋላ ወንበር የምትቀመጠውን ዝምተኛዋንም፣ ቤት ውስጥ ታናናሾቿን የምታሳድገዋንም ጥሩ። እንዲያውም የሰው ችግር ቶሎ የሚገባት እሷ ናት። ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች የምትጠብቅ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት መምጣት አትችል ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱን ከእነሱ ጋር ቁረጡ።

የመጀመሪያው ስብሰባ

ንግግር አታብዙ። ለእያንዳንዷ ቁራጭ ወረቀት ስጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በአካባቢያችሁ በየቀኑ የምታዩት፣ የሚያናድዳችሁ ነገር ምንድን ነው?» አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይጻፉ። ከዚያ ወረቀቱ ይሰብሰብና ስም ሳይጠራ አንዷ ታንብበው። መጻፉ ከመናገሩ መቅደም አለበት። ያለዚያ ሁለት ደፋሮች ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ጭንቅላት ይነቀንቃሉ።

ለምሳሌ አንዱ ወረቀት ላይ «ሽንት ቤቱ በር የለውም» የሚል ቢወጣ ወዲያው «ይህ የአስተዳደሩ ጉዳይ ነው» አትበሉ። ጠይቁ። በሩ ከመቼ ጀምሮ የለም? የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ምን ታደርጋለች? ማንን ነው የምናናግረው? ከዚህች አንዲት መስመር ደብዳቤ ይወጣል፣ ከኃላፊ ጋር ቀጠሮ ይወጣል፣ የሞዴስ ማስቀመጫ ሳጥን ይወጣል። ሳጥኑን ማን በየሳምንቱ እንደሚሞላ የሚያሳይ የተራ ዝርዝርም ይወጣል። እውነተኛ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ይሁን፤ በአንድ ወር፣ ቢበዛ በስድስት ሳምንት የሚያልቅ። አንድም ነገር ከመግዛታቸው በፊት ደግሞ የሚረዱትን ሰዎች ሄደው ይጠይቁ። አረጋውያን ልብስ ይፈልጋሉ ብለው የሄዱ ልጆች የተፈለገው የስልክ አጠቃቀም የሚያሳያቸው ሰው መሆኑን ሊሰሙ ይችላሉ።

ሥራ ክፍፍልና ገንዘብ

ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሂሳብ ያዥ ይመረጡ። ቦታው በየመንፈቁ ይቀያየር። ቃለ ጉባኤው አጭር ይሁን፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። ገንዘብ ካለ ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ደረሰኝ ይያዝ፣ ሂሳቡ በየስብሰባው ጮክ ተብሎ ይነበብ። መዋጮ ግን ባይኖር ይሻላል። የሌላት ልጅ ምክንያት ሳትናገር ነው የምትቀረው።

የአማካሪ ሥራ

ሮጀር ሃርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል አሳይቷል። የታችኞቹ ሦስቱ ተሳትፎ አይባሉም፦ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ማስጌጫ ማድረግ፣ ለይስሙላ ማስቀመጥ። ላይኛው እርከን ሐሳቡን ልጆቹ አንስተው ከአዋቂዎች ጋር አብረው የሚወስኑበት ነው። በየጊዜው ራሳችሁን ጠይቁ፤ ክበባችሁ የትኛው እርከን ላይ ነው?

በተግባር ሲታይ ነገሩ ዝም ማለትን ይጠይቃል። ስብሰባ ላይ ጸጥታ ሲሆን አፋችሁ ይበላችኋል። ታገሱ፣ አንዷ ትናገራለች። ሰብሳቢዋ ወደ እናንተ ዞራ «ምን እናድርግ?» ስትል «አንቺ ምን አሰብሽ?» በሏት። ደብዳቤውን እነሱ ይጻፉ፤ ፊደል ብታርሙ እንጂ ሐሳቡን አትንኩ። ኃላፊ ቢሮ አብራችሁ ግቡ፣ ግን ከኋላ ተቀመጡ። ሰውየው እናንተን እያየ ቢያወራ ዓይናችሁን ወደ ልጅቷ መልሱ፤ ይገባዋል።

ጣልቃ የምትገቡባቸው ቦታዎችም አሉ። ደኅንነት፣ ሕግ፣ ገንዘብ፣ እርስ በርስ መገለል። አንዲት ልጅ መሳቂያ ስትሆን ዝም ማለት አይቻልም። ሥራው ስለተበላሸ ብቻ ግን አትግቡ። የታሰበው ሰው ሳይመጣ ቢቀር በሚቀጥለው ስብሰባ ለምን እንደቀረ ራሳቸው ይነጋገሩበት።

ፈተና ሲደርስ ክበቡን አሳርፉ፣ የሚመለሱበትን ቀን ግን ቁርጥ አድርጋችሁ ተለያዩ። ለእያንዳንዷ ኃላፊ ከታች ክፍል ምክትል ይኑራት። ትልልቆቹ ከመመረቃቸው በፊት ሁለት ስብሰባ ምክትሎቹ ይምሩ። ደብተሩ፣ ስልክ ቁጥሮቹና የሳጥኑ ቁልፍ በዚያው ቀን ይተላለፉ።